የአብራሪው ዋስ

«ለእንግዳው ጨምሩለት እንጂ! ሰው ያን ያህል መንገድ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አንድ ጭብጥ ንፍሮ ነው እንዴ የሚቀርብለት?» አሉ የሟቹ ወንድም ኦቦ ተሬፋ። ሳህኑን ከሴቶቹ እጅ ተቀብለው ራሳቸው የመቶ አለቃ ከበበው ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

«ኧረ በቃኝ አባቴ! ኧረ ይተዉ!» አለ ከበበው። ግን በላ፤ ጥሩ አድርጎ በላ።

ሻምበል ቀነዓ ከጎኑ አግዳሚው ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሁለቱን እያየ «እንዴት ያለ ጓደኛ ነው! ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለም እኮ» ይላል። ወይ የዋህነት! እውነት ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ቀነዓ ፊቱን ሊታጠብ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ወደ ጓሮ ሲዞር «እኔም ልናፈስ» ብሎ ይከተላል፤ ማታ በአንድ ፍራሽ ላይ ጀርባና ጀርባ ገጥመው ይተኛሉ። ከበበው የአየር ኃይል ቤዙ የፖለቲካ ክፍል ሰው ነው። በዚያ ዓመት እንደ ቀነዓ ያለ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ብቻውን ወደ ቤተሰቡ አይላክም ነበር። መርዶውን ያረዱት የስኳድሮኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከበበው የመንገድ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ቀነዓ ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቦርሳውን አይቶ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንደሞተ ገባው።

የሞተው አባቱ ነው፤ ኤጄታ። ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል ቀረ።

ለቀስተኛው ግማሹ ሹፌር ነው። ከጌዶ፣ ከባኮ፣ ከነቀምቴ መጥተዋል፤ ከጎጆ ከተማ ድንች የሚያስጭኑ ነጋዴዎችም አሉ። እየገቡ ቀነዓን ትከሻውን ይዘው «ጃባዱ ወንድሜ፣ በርታ» ይሉና አግዳሚው ላይ ቦታ ሲያገኙ ስለ ኤጄታ ያወራሉ። ኤጄታ ዕድሜውን በአምቦና በነቀምቴ መካከል በኤንትሬ የጭነት መኪና የጨረሰ ሰው ነበር። ጭነት ከልክ በላይ አይጭንም። ዝናብ የመታው መንገደኛ አልፎ አይሄድም። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ያውም በሚያናድድ ቀስታ። ወጣት ሹፌሮች ጉደር ቁልቁለት ላይ በጡሩምባ እያዋከቡት ሲቀድሙት በመስኮት ብቅ ይልና «ሂድ፣ ሂድ! ለቀብርህ እደርሳለሁ!» ይላቸዋል።

«ለስንቱ ቀብር ደረሰ መሰላችሁ» አለ አንዱ ሹፌር፤ ሰዎቹ ለቅሶ ላይ መሆናቸውን ረስተው ሳቁ። ቀነዓም ጋቢው ውስጥ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸበትና ወደ ሲቃ ተቀየረ።

ምስጋናውን ሁሉ እየሰማ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። አባቱን ተቀይሞ ነው የተለየው። የሄደበትም ቀን የቤቱን ምሳ ሳይቀምስ ነው የወጣው።

ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአምቦ የገበያ ቀን ነው። ቀነዓ ያኔ ከኮርስ የወጣ ሰሞን ነበር፤ ጉራው ከራሱ በላይ ነው። ለልምምድ በአካባቢው ሲያልፍ ሰማዩ ጥርት ብሎለት ተዋጊ ጄቷን ዝቅ አደረገና በከተማው አናት ላይ አስጓራት። ገበያው ተተራመሰ፤ በሬው ገመዱን በጠሰ፤ ሴቱ እልል አለ። «የኤጄታ ልጅ ነው! የኤጄታ ልጅ!» ተባለ። ለዚያች ጉራ ቤዝ ሲመለስ ተቀጣ፤ ቅጣቱ ግን ከምንም አልቆጠረውም። በፈቃድ ቤቱ ሲመጣ አባቱን «አየኸኝ?» አለው።

«አየሁ» አለ ኤጄታ። «ያቺ ነገር ምን ትጭናለች?»

«ቦምብ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ሰውስ?»

«እኔን ብቻ።»

«እንግዲያው ገና ሥራ አልያዝክም» አለና ጎማ ሊያይ ወጣ።

ያን ጊዜ ቀነዓ ተናዶ ነበር። ቆይቶ ግን ነገሩ ገባው። ሰሜን ተመደበ። ከላይ ሲታይ ገበያና የጦር ሰፈር ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ሁለቱም ብዙ ጥቁር ነጥብ ናቸው። የሚጥለውን ጥሎ ሲመለስ ምሳ አልወርድ ይለው ጀመር። አብረውት ከተመረቁት መካከል የማይመለሱት ሲበዙ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ገባው። ታዲያ የት ይሂድ? አብራሪዎቹ ሻይ ቤት የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ስለሚበር ይመታል። የአንበጣ መድኃኒት መርጨት ጥሩ ነው፣ ግን ቦታው ጥቂት ነው። ትራንስፖርት ነው ነገር! እዚያ የተዛወረ ሰው እህልና ቁስለኛ ያመላልሳል፤ አራት ሞተር ባለው አውሮፕላን ሰዓት ያጠራቅማል፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ አየር መንገድ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ተዋጊ ላይ የተበረረውን ሰዓት ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የኮርስ ጓደኛው ሙለታ በዚያ መንገድ ሄዶ ይኸው ዛሬ በነጭ ሸሚዝ ናይሮቢ አድሮ ይመጣል። መንገደኞቹም ሲወርዱ «እናመሰግናለን ካፒቴን» ይሉታል። ቀነዓ ይህን ሲሰማ ቅናቱ እንባ ሊያመጣበት ምንም አልቀረውም።

ግን አንድ አብራሪ ትልቁን አውሮፕላን ይዞ ባሕር ተሻግሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ትራንስፖርት የሚዛወር ሁሉ ቤት ያለው የቅርብ ዘመድ በዋስነት እንዲያቀርብ ተወሰነ። ልጁ ከኮበለለ ዋሱ ይታሰራል፤ ቤቱም ይወረሳል። ተዋጊውንስ ማን ይጠብቀዋል? ነዳጁ ነዋ! የሚሞላላት ለሄደችበትና ለመመለሻዋ ብቻ ነው።

ቀነዓ ታዲያ ሁለት ጊዜ እቤቱ መጥቶ አባቱን ለመነ። በመጀመሪያው «እስቲ ይደር» አለው። ሁለተኛው ባለፈው ክረምት ነበር።

«አባ፣ አንድ ፊርማ እኮ ነው!»

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«አልፈርምም አልኩህ።»

«ለስንቱ ረዳት ዋስ ሆነህ ሥራ ያስያዝክ ሰውዬ ለልጅህ ትከለክላለህ? ባዕድ ከኔ ይበልጣል? አታምነኝም ማለት ነው?»

ኤጄታ አንገቱን ደፍቶ የጣቶቹን ግራሶ በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። እናቱ መንበረ «ኧረ ምሳ ቀርቧል» እያለች ስትለምን ቀነዓ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። አባቱን ከዚያ በኋላ አላየውም። እንግዲህ እግዜር ያሳያችሁ፤ ሰው ይህን ተሸክሞ ድንኳን ውስጥ «አባትህ እንዴት ያለ ሰው ነበር» ሲባል ምን ብሎ ይመልስ?

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቦጂያ መጡ። በወጣትነታቸው የኤጄታ ረዳት የነበሩ፣ ኋላም ራሳቸው መኪና የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ትንሽ ተቀመጡና «ተነሳ እስቲ ቀነዓ፣ ይቺን የአባትህን መኪና እያት። ሰሞኑን ድምጿ አላማረኝም» አሉ። ቀነዓ ተነሳ። ከበበውም «መኪና ነፍሴ ነው!» ብሎ ተነሳ።

ኤንትሬዋ አጥሩ ጥግ ቆማለች። ቦጂያ ኮፈኑን ከፈቱ፤ ገብተው ሞተሩን አስነሱ። ሹፌሮች ከረዳት ወይም ከትራፊክ ጆሮ የሚደብቁት ነገር ሲኖራቸው የሚያወሩት እንዲህ ነው፤ ሞተር ላይ አጎንብሰው። ጭሱ ቡልቅ ሲል ከበበው እያሳለ ወደ ኋላ ሸሸ። የሁለቱን ጀርባ እንጂ ሌላ ነገር አያይም። ከበበው ኦሮምኛ ይስማ አይስማ ቦጂያ አላወቁም፤ ጩኸቱ ግን የትኛውንም ቋንቋ ይደብቃል።

«ለምን እንዳልፈረመልህ ታውቃለህ?» አሉት ወደ ጆሮው ተጠግተው።

«አላመነኝም።»

«አንተ ደደብ! ጉደር ላይ ውሃ ልናስገባ ቆመን ነው የነገረኝ። ‹ቦጂያ› አለኝ፣ ‹ከፈረምኩለት ትልቁን አውሮፕላን ያገኛል። ግን አንድ ቀን ይሄ ሁሉ መሮት ልሂድ ቢል፣ ሽማግሌ አባቱ ይታሰራል ብሎ መሪውን መልሶ ያዞራል። አውቀዋለሁ፣ ያዞራል። የልጄ እግር ብረት አልሆንም› አለኝ።»

ቀነዓ የሞተሩን ጠርዝ ጨበጠ፤ እየጋለ ነበር፤ አልለቀቀውም።

«ታዲያ ምን ነበር ቢነግረኝ?»

«ምን ብሎ? ‹ጥፋ› ብሎ? አባት ልጁን ጥፋ ይላል? አንተ ቂም ይዘህ ብትሄድ ይሻላል አለ። ‹የተቀየመ ሰው ለመሄድ አይከብደውም› አለ።»

ከበበው ከኋላ «ምንድነው ችግሯ?» ብሎ ጮኸ።

«የነዳጅ ኖዝሏ ነው!» ብለው መለሱ ቦጂያ።

ቀነዓ የሚሰማውን አላወቀም። ከአባቱ ፍቅር ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ መጠየቅ አማረው። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አባቱን አንገቱን ይዞ ሊነቀንቀው ፈለገ። ወይ አባ! እሱን ነጻ አወጣሁ ብሎ እዚያችው አንድ ሰው የምትጭን ነገር ላይ ቆልፎበት ሄደ። ቀነዓ እውነት ባሕሩን ከላይ አይቶ ያውቃል። ማዶውንም አስቦ ያውቃል፤ ነዳጁን አይቶ የተመለሰበት ቀን አለ። ይህን ለማንም አልተናገረም። አባቱ ግን መሪ ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ከጌዶ ወዲህ ማዶ ሲል ሁሉንም አስቦት ኖሯል።

ከበበው በበኩሉ ሥራ አልፈታም ነበር። የመጣ ዕለት ገና ምሳ ላይ መንበረን «እማማ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው፤ የጎደለው ዋስ ብቻ ነው። ዋስ ቢያገኝ ከዚህ ጦርነት ይወጣ ነበር» ብሏታል። ለክፋት ይሁን ለደግነት እሱ ያውቃል። ምናልባት ለሁለቱም። መንበረ ሌላ ምን ትስማ? ባሏን ቀብራ መመለሷ ነው፤ የቀራት አንድ ልጅ ነው። ወሬው ከእሷ ወደ ባሏ ወንድም ወደ ኦቦ ተሬፋ፣ ከኦቦ ተሬፋ ወደ እድሩ ሽማግሌዎች ሄደ። ለቀነዓ የነገረው የለም። በሐዘኑ ላይ ደስታ ሊጨምሩለት ፈልገው ነው።

በሠልስቱ፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሰው በልቶ ሲያበቃ ኦቦ ተሬፋ በድንኳኑ መሃል ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ወንድሜ ኤጄታ ሳይፈጽመው የሄደ አንድ ነገር አለ። እግዜር ቢያቆየው ያደርገው ነበር፣ አልደረሰም። ቤቱ ከእንግዲህ የመንበረ ነው። ስለዚህ መንበረ ለልጇ ዋስ ትሆናለች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የከተማችን ስም ‹ሀገረ ሕይወት› ያለበትን ማኅተማቸውን ይዘው እዚሁ አሉ። ጓድ ከበበውም ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ልጃችን ትልቁን ያበራል፤ ነገ ደግሞ አየር መንገድ ይገባና ሁላችንንም ያረጀነውን በአውሮፕላኑ ያሳፍረናል!»

ሰው ሁሉ «እሰይ! እሰይ!» አለ። ሴቶቹ ለቅሶ ላይ መሆናቸው ይዟቸው እንጂ እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ነበር። መንበረ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ መጣች። ጥቁር ልብሷን አመድ ነክቶታል። አውራ ጣቷን ቀድማ አውጥታ ይዛለች፤ ፊርማ አታውቅም።

«የት ላይ ነው የምነካው?» አለች።

እሺ ቢል የሚመኘውን ሁሉ ያገኛል፤ ነጩን ሸሚዝ፣ ናይሮቢን፣ «እናመሰግናለን ካፒቴን»ን። ግን በበረረ ቁጥር የእናቱ አውራ ጣት አብሮት ይበራል። አንድ ክፉ ሰው አንድ ክፉ ወሬ ቢያወራበት፣ ሞተር ተበላሽቶበት ከድንበር ማዶ ቢያርፍ እንኳ እሷን ከዚህ ቤት ጎትተው ይወስዷታል። አባቱ በቂም የገዛለትን ነጻነት እሱ በዚህች ቅጽበት ሊሸጠው ነው። አይሆንም ቢልስ? «ዋስ የማይፈልግ አብራሪ ምን ሊያደርግ አስቧል?» ይባላል። ከበበው ዓይኑን ከፊቱ አልነቀለም። ንፍሮውን ማኘክም አቁሟል።

«አልፈልግም» አለ ቀነዓ።

ሴቶቹ ወደ መንበረ ዞሩ።

«ምን አልክ ኢልማ ኮ፣ ልጄ?» አለች እናቱ።

«ምነው ሻምበል?» አለ ከበበው በለስላሳ ድምፅ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምነው የነበረ ነገር አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ ቀነዓ ጋቢውን ከላዩ ጣለና ተነሳ። ሳቀም። አሳሳቁ ለራሱም አስጠላው።

«ልመናው ድሮ ነው። ተዋጊ ጄት የለመደ ሰው ጆንያ ጭኖ ከከተማ ከተማ ሲንከላወስ ይታያችኋል? የጭነት ሹፌር ልታደርጉኝ ነው? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ጎተተ፤ ምን አተረፈ? ለዘራችን እሱ ይበቃል!»

ምን ይባላል እንግዲህ። በአባቱ ድንኳን፣ በሹፌሮች ፊት! አንድ የነቀምቴ ሹፌር ባርኔጣውን አደረገና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ሌላው ተከተለው። አግዳሚዎቹ እየተንቋቁ ባዶ ሆኑ። «የሰው ጉድ!» አሉ ኦቦ ተሬፋ፣ «የሰው ጉድ! አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» መንበረ የተዘረጋች ጣቷን ቀስ ብላ አጠፈችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከሹፌሮቹ ያልወጡት ቦጂያ ብቻ ናቸው። መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ።

ከበበው የቀነዓን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ተዋጊ መቼም ተዋጊ ነው!» አለ ደስ ብሎት። ያችን ጥርጣሬ ከፊቱ ላይ ጠረጋት፤ ወደ ሳህኑም ተመለሰ። ቀነዓ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ጋቢውን አንስቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ያ ቀን እስኪመሽ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ከከበበው በቀር አልነበረም።

በማግስቱ የቤዙ ዋዝ ጂፕ በር ላይ መጥታ ቆመች። ቀነዓ ዩኒፎርሙን ለብሶ ወጣ። ጎረቤቶቹ በየአጥራቸው ቆመው ያዩታል፤ የሚስመው የለም። ኦቦ ተሬፋ አልመጡም። እናቱ ከቤት ትወጣ አትወጣ እንጃ ብሎ ወደ በሩ ማየት ፈራ። «አንቺን ብዬ ነው» እንዳይላት ከበበው አለ፤ እንዳይጽፍላት ማንበብ አትችልም፣ የምታስነብበው ሰው ደግሞ ምስጢሩን ያውቃል። ሳይነግራት ሊሄድ ነው። ምናልባት ሳይነግራት ሊሞትም ነው፤ ይህን እያሰበ የመኪናዋን እጀታ ያዘ።

መንበረ ወጣች። ልጇን አላየችውም። በቀጥታ ወደ ከበበው ሄደች።

ከበበው ኮፍያውን አውልቆ «እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለ፤ የፖለቲካ ክፍል ሰው መሆኑንም ለጊዜው ረሳው መሰለኝ።

«ልጄ፣ ማን እንደሆንክ ከመኪና ከወረድክባት ሰዓት ጀምሮ አውቃለሁ» አለችው። ድምጿ አልጮኸም። «ጓደኛ ሲያለቅስ አይቻለሁ። አንተ የሚገባና የሚወጣውን ነበር የምታየው። አውቄ ነው ያበላሁህ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ቆይ። እሱ ዋስ አልፈልግም ብሏል፤ ይሁን። ዋስ የምፈልገው እኔ ነኝ። ከደጄ የወሰድከው አንተ ነህ፤ አንተ ዋስ ሁነኝ። የምትመልስልኝም አንተ ነህ።»

የከበበውን ቀኝ እጅ ሳበችና ቀነዓ እጀታውን በያዘበት እጅ ላይ አስቀመጠችው። የራሷን ሁለት እጆች ከላይ ደረበች። ጎረቤቶቹ ይህን ብቻ ነው ያዩት፤ ልጇን ትታ እንግዳውን የተሰናበተች መሰላቸው። ቀነዓ ግን የእናቱ ጣት ከከበበው እጅ ሥር ሾልኮ ገብቶ አውራ ጣቱን ሲይዘው ተሰማው። በልጅነቱ መንገድ ስታሻግረው እንደምታደርገው ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ለካ እምቢ ያለው ለእሷ ብሎ መሆኑ ገብቷታል። ቀና ብሎ ሲያያት እሷ አሁንም የምታየው ከበበውን ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ ጣቷ ግን አልለቀቀችውም።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። ከበበው «እሺ» አላለም፤ እጁንም አልሳበም።